ልጁን የማየት መብት የማን ነው?

አቤቱታ መጻፍ ሙያዬ አይደለም። ነገር ግን ዘመድ ወዳጁ «ብዕር ይታዘዝለታል» እያለ ስሜን ስላወጣው፣ ከመሥሪያ ቤት ጋር የተካሰሰም ሆነ ከጎረቤት ጋር የተቀያየመ ሰው ወረቀት ሲፈልግ ወደ እኔ ይመጣል። የእናቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ የሆኑ አንዲት ሴትም የመጡት ለዚሁ ነበር። አንድ ልጃቸው ከሞተ በኋላ ምራታቸው የልጅ ልጃቸውን ቀስ በቀስ ከእርሳቸው አራቀችው። ቀድሞ ልጁ የሳምንቱን መጨረሻ የሚያሳልፈው እርሳቸው ጋ ነበር፤ ቆይቶ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ስልኩም መነሣቱን ተወ። «ልጄን የወሰደብኝ ሞት ነው፤ ለሞት ይግባኝ የለውም» አሉኝ። «ይኸኛውን የወሰደብኝ ግን ሰው ነው። ለሰው ደግሞ ዳኛ አለው። ጻፍልኝ።»

«እማማ፣ ቢፈረድብዎትስ?» አልኳቸው። የመለሱልኝ ሳያመነቱ ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይባል የለ? ዳኛው አይገባሽም ካለኝ ችዬ እቀመጣለሁ። ያንገበገበኝ እርሷ ብቻዋን ከሳሽም ዳኛም መሆኗ ነው።»

ስለ አያቶች መብት ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሕጉ ለምን መኖር እንዳለበት ግን ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘሁም። አያትየዋ ልጁ ይሰጠኝ አላሉም። ሦስተኛ ሰው ይስማን ነው ያሉት። በቤተሰብ ውስጥ በር የሚዘጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን አይናገርም፤ የተዘጋበትም ሰው ምክንያቱን በራሱ ይፈጥራል፤ የሚፈጥረው ደግሞ ሁልጊዜ የከፋውን ነው። አቤቱታውን ጻፍኩ። የሟቹን ደግነት፣ የአያትየዋን ብቸኝነት፣ የምራቲቱን ጭካኔ በየአንቀጹ ደረደርኩ። ያነበቡት ሁሉ አለቀሱ።

«ከሐዘንዎ ነው የከለከልኩት»

ዳኛው ክርክሩን ከመስማታቸው በፊት ሁለቱን ወገኖች ወደ አስማሚ መሯቸው። አያትየዋ ብቻቸውን መግባት ስላስፈራቸው አስማሚዋ እኔም ጥግ ይዤ እንድቀመጥ ፈቀደች፤ እንዳልናገር ግን አስጠነቀቀችኝ። ምራቲቱ ከእኛ ቀጥላ ገባች። ጠበቃ አልያዘችም። እንቅልፍ ካጣች የሰነበተች ትመስላለች።

አስማሚዋ «ልጁን ለምን ከለከልሽ?» ብላ አልጠየቀችም። «ልጁ ከአያቱ ቤት ሲመለስ እንዴት ሆኖ ይመለሳል?» አለቻት። ምራቲቱ መልሱን ለአስማሚዋ አልሰጠችም፤ ፊቷን ወደ አማቷ አዞረች። «እማማ፣ እኔ ልጁን ከእርስዎ አልከለከልኩም። ከሐዘንዎ ነው የከለከልኩት።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ልጁ አያቱ ቤት ሲገባ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። የአባቱን የልጅነት ልብስ ይለብሳል። በአባቱ አልጋ ላይ፣ ከአባቱ ፎቶግራፍ ሥር ይተኛል። «አንተ ባትኖርልኝ እኔም አልኖርም ነበር» ይባላል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ለቀናት ምግብ አይረጋለትም፤ ሌሊት እየባነነ «እኔ ከሞትኩ አያቴም ትሞታለች?» ብሎ ይጠይቃታል። መጀመሪያ ጉብኝቱን አሳጠረች። ማሳጠሩ ሲያስቀይማቸውና ቅያሜያቸውን ለልጁ ሲነግሩት ደግሞ ጨርሳ አቆመችው።

አያትየዋ ይክዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልካዱም። «ታዲያ የልጄን ስም አልጥራ? እንዴት አድርጌ ነው የምረሳው?» አሉ። ምራቲቱም «እርስዎ አይርሱት። እኔም አልረሳሁትም። ይህ ልጅ ግን ሰባት ዓመቱ ነው፤ የአባቱን ቦታ መሙላት አይችልም» አለች።

በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ሕግ አንድ ቃል አልተነሣም፤ ይሁንና ከዚያ በኋላ ስለ ሕጉ ያለኝ ሐሳብ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሁለቱም ሴቶች የሚከራከሩት «ይገባኛል» በሚል ነበር። አንዷ ስለ ወለደችው፣ ሌላዋ የወለደችው ሰው ልጅ ስለሆነ። እናትየዋ ያቀረበችው ማስረጃ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ያው ማስረጃ ሌላም ነገር ይናገራል። ልጁ አባቱን አጥቷል። ስለ አባቱ የልጅነት ዘመን የሚያውቅ፣ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ምን ይፈራ እንደነበር ሊነግረው የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ቀርቶታል። ያንንም በር መዝጋት ሌላ ሞት ነው። አቤቱታውን የሚያቀርበው ልጁ ራሱ ቢሆን ኖሮ ምን ይጠይቅ ነበር? አያቴን ልያት ይል ይሆናል፤ በስሜ ትጥራኝም ይል ነበር።

አያቱን የሚያስታውስ ዳኛ

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር እንዴት እንደሚዳኙት ለማወቅ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ ያገኘሁት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 5 ቀን 2000 የተወሰነው የትሮክሰልና የግራንቪል ጉዳይ ነበር። ታሪኩ ከእኛዋ ሴት ታሪክ ጋር ያለው ቅርበት አስደነገጠኝ። በዋሽንግተን ግዛት የሁለት ሴት ልጆች አባት በ1993 ሞተ። ወላጆቹ የልጅ ልጆቻቸውን ማየታቸውን ቀጥለው ነበር። ከወራት በኋላ እናትየዋ ጉብኝቱ በወር አንድ አጭር ጊዜ ብቻ እንዲሆን እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። እነርሱም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ ከሰሱ።

ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ በሩ የተዘጋባቸው አያቶች ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። በሩ ግን አልተዘጋም። አያቶቹ የጠየቁት በወር ሁለት የሳምንት መጨረሻ ከአዳር ጋር፣ በበጋ ደግሞ ሁለት ሳምንት ነበር፤ እናትየዋ የፈቀደችው በወር አንድ ቀን ያለ አዳር ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ1995 መሐሉን ቆረጠ፤ በወር አንድ የሳምንት መጨረሻ፣ በበጋ አንድ ሳምንት፣ በእያንዳንዱ አያት የልደት ቀን ደግሞ አራት ሰዓት። ለዚህች ልዩነት ሲባል ክርክሩ ከስድስት ዓመት በላይ ፈጅቶ እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዘጠኙ ዳኞችም አንድ ላይ መናገር ስላልቻሉ ስድስት የተለያዩ አስተያየቶች ጻፉ።

ውጤቱ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ለእናትየዋ ነበር። የዋሽንግተን ሕግ ማንኛውም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ፣ ልጅ ልጎብኝ ብሎ ማመልከት ይችላል ይል ነበር፤ ዳኛው ለልጁ ይበጃል ካለ ይፈቅዳል። ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የዋናውን አስተያየት ሲጽፉ፣ ልጇን በአግባቡ የምታሳድግ እናት የወሰነችው ነገር ልዩ ክብደት ሊሰጠው ይገባል፤ ዳኛ ከእርሷ የተሻለ አውቃለሁ ብሎ ብቻ ውሳኔዋን ሊሽር አይችልም አሉ። በዚህ እስማማለሁ። በፍርዱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የቆየብኝ ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ጉብኝቱን የፈቀደው የመጀመሪያው ዳኛ፣ እርሱ በልጅነቱ ከአያቶቹ ጋር አንድ አንድ ሳምንት ያሳልፍ እንደነበርና ደስ የሚል ጊዜ እንደነበር ችሎት ላይ ተናግሮ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ጠቅሶታል።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ፈገግ አልኩ፤ ቆይቼ ግን ነገሩ ከበደኝ። በዳኝነት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አያት ነበረው። አንዱ አያት ሲባል የሚታየው ጉልበት ላይ የሚነገር ተረት ነው፤ ሌላው የሚታየው አለንጋ ነው። «ለልጁ የሚበጀው» የሚል ሰፊ ሚዛን በእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ሲገባ፣ ሳይታወቀው በሌላ ሰው ቤት ላይ የራሱን ልጅነት ይፈርዳል። እኔም ያንን አቤቱታ ስጽፍ በዓይኔ የነበሩት የራሴ አያት ናቸው።

በልዩነት ከቆሙት ዳኞች መካከል የጆን ፖል ስቲቨንስን ሐሳብ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ክርክሩ የወላጅና የመንግሥት፣ ወይም የወላጅና የአያት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ልጁም ያሉትን የቤተሰብ ትስስሮች ጠብቆ ማቆየት የራሱ ጥቅም ሊሆን ይችላል ይላሉ። አንቶኒ ኬኔዲ ደግሞ ክሱ ራሱ፣ ገና ሳይፈረድ፣ የወላጅንና የልጅን ኑሮ ሊያናጋ እንደሚችል ጽፈዋል። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፤ ይሁንና ሁለቱም እውነት ናቸው። ከዚያ ፍርድ በኋላ በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጋቸውን አጠበቡ፤ አንዳንዶቹ ጉብኝቱ ቢቀር ልጁ እንደሚጎዳ አያቶች እንዲያስረዱ ይጠይቃሉ። ይህንን ደግሞ አልወደድኩትም። ጉዳት አስረዱ የተባሉ አያቶች የልጁን ቁስል ፍለጋ ይወጣሉ፤ ባለሙያ ይቀጥራሉ፤ ያልታመመውን ልጅ ታማሚ ለማድረግ ይገደዳሉ።

መብቱን ለልጁ የሰጡት

ፈረንሳዮች ከዚህ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። የሰበር ፍርድ ቤታቸው አባት ልጁን ያለ በቂ ምክንያት ከአያቶቹ ሊነጥል እንደማይችል የወሰነው በ1857 ነው፤ የተጻፈ ሕግ ሳይኖር። በ1970 ነገሩ በፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ገባ፤ አባትና እናት ከባድ ምክንያት ከሌላቸው በስተቀር ልጃቸው ከአያቶቹ ጋር የሚያደርገውን ግንኙነት ሊያሰናክሉ አይችሉም ተባለ። ይህ አነጋገር ወላጅን የሚከለክል፣ አያትን ባለመብት የሚያደርግ ነው። በ2002 ግን ያንኑ አንቀጽ፣ ማለትም 371-4ን፣ ገለበጡት። አሁን የሚለው ከአያቶቹና ከቅድመ አያቶቹ ጋር ግንኙነት የማድረግ መብት ያለው ልጁ ነው። በ2007 ደግሞ ይህን መብት ሊያግደው የሚችለው የልጁ ጥቅም ብቻ እንዲሆን አደረጉ።

ለውጡ ላይ ላዩን ሲያዩት የቃላት ጉዳይ ይመስላል፤ ዛሬም በፈረንሳይ ማመልከቻ ይዘው ወደ ቤተሰብ ዳኛ የሚሄዱት አያቶች ናቸውና። ልዩነቱ የሚታየው በችሎቱ ውስጥ ነው። መብቱ የአያት ከሆነ ጥያቄው «ይህች ሴት ምን አጠፋች?» ይሆናል። ምንም አላጠፋችም ከተባለ ጉብኝቱ ይገባታል። መብቱ የልጁ ሲሆን ግን የአያት ጨዋነት ብቻውን አይበቃም፤ ጥያቄው አስማሚዋ የጠየቀችው ይሆናል፤ ልጁ እንዴት ሆኖ ይመለሳል? የእኛዋ ሴት ምንም ጥፋት አልነበራቸውም። ልጅ የሞተባት እናት ማዘኗ ጥፋት አይደለም። ሐዘናቸውን ግን የሚሸከመው ሌላ ሰው ነበር።

ይህ አቋም የራሱ ጣጣ አለው። መብት ነው ካልን፣ ልጁ አልሄድም ቢልስ? እየጎተቱ የሚያስፈጽሙት መብት ምን ዓይነት መብት ነው? በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አያቶችን በስም አይጠራም፤ አንቀጽ 5 ስለ ሰፊው ቤተሰብ ያነሣል፤ አንቀጽ 12 ደግሞ የራሱን ሐሳብ መያዝ የሚችል ልጅ በሚመለከቱት ጉዳዮች ሁሉ እንዲሰማ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ እንዲመዘን ያዛል። የሰባት ዓመት ልጅ ምን ያህል ይመዘናል? እናቱ ፊት «አያቴን አልፈልግም»፣ አያቱ ፊት «እናቴ ከለከለችኝ» የሚል ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ውሸታም አይደለም። ሁለቱንም ሴቶች እየጠበቃቸው ነው። እንደ እኔ ልጁን መስማት ማለት ከማን ጋር መሆን ትፈልጋለህ ብሎ መጠየቅ አይደለም፤ ይህ ጥያቄ ለአዋቂም ጭካኔ ነው። እዚያ ስትሆን ምን ታደርጋለህ፣ የት ትተኛለህ፣ ስትመለስ ምን ትላለህ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሱ በነዚህ ውስጥ አለ።

ጀርመኖች መሐል ላይ ቆመዋል። ከ1998 ጀምሮ የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 1685 ለአያቶችና ለወንድም እኅት ልጁን የማየት መብት ይሰጣል፤ ግንኙነቱ ለልጁ ደኅንነት የሚጠቅም ከሆነ። በ2017 የፌዴራል ፍርድ ቤታቸው ይህችን «ከሆነ» ፈተናት። ወላጆቹንና አያቶቹን ያጣላቸው ነገር ሥር የሰደደ ነበር፤ አያቶቹ ወላጆቹ ልጆቹን በመንፈስ ይበድላሉ ብለው ለሕፃናት ጉዳይ ቢሮ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ፍርድ ቤቱ ልጆቹ በሁለት ታማኝነት መካከል የሚሰነጠቁ ከሆነ፣ አያቶቹም ልጆቹን የማሳደግ ቀዳሚው ሥልጣን የወላጆቹ መሆኑን ካላከበሩ፣ ግንኙነቱ እንደ ደንቡ ለልጆቹ አይጠቅምም አለ። የአያቶቹ ደብዳቤ በራሳቸው ላይ መሰከረ ማለት ነው። ያን ያነበበውን ሁሉ ያስለቀሰ አቤቱታ አስታውሼ፣ ስለ ምራቲቱ የተጻፉት ቅጽሎች በአንድ ጥሩ ጠበቃ እጅ ቢወድቁ ምን ይሆኑ እንደነበር አሰብኩ።

ላም እሳት ወለደች

እምቢታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ባሏ ይደበድባት የነበረችና ከእርሱ ያመለጠች ሴት፣ ልጆቿን ለባሏ ወላጆች አልሰጥም ስትል ምክንያቷ አያቶቹ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በአያቶቹ ሳሎን በኩል የሚገባው ሰውየ ነው። እንዲህ ያለውን እምቢታ ዳኛ በጥርጣሬ ቢያየው ሴትየዋን ለሁለተኛ ጊዜ ያሳድዳታል። በሌላ በኩል ልጁን መያዣ የሚያደርግ ወላጅ አለ፤ ገንዘብ ካልሰጣችሁኝ፣ በክርክሩ ከእኔ ጎን ካልቆማችሁ፣ አዲሱን ባለቤቴን ካልተቀበላችሁ ልጁን አታዩትም የሚል። ሌላው ደግሞ እምቢም ሳይል የሚረሳው ነው። ፍቺ ይመጣል፤ አሳዳጊው ወላጅ ቦታ ይቀይራል፤ ሌላ ትዳር ይመሠረታል፤ በአንድ ወገን ያሉት አያቶች ማንም ሳያባርራቸው ከልጁ ሕይወት ይወጣሉ። ሕግ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል «መከልከል» ይላቸዋል። በአንድ መለኪያ ሊዳኛቸው ሲሞክር ግን የግድ አንዱን ይበድላል።

እንግሊዞች ለዚህ የመረጡት በር ላይ ጠባቂ ማቆምን ነው። በ1989 በወጣው የሕፃናት ሕጋቸው መሠረት አያት በቀጥታ መክሰስ አይችሉም፤ መጀመሪያ ለማመልከት የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ዳኛው ያኔ የሚያየው የሚጠየቀው ምን እንደሆነ፣ አመልካቹ ከልጁ ጋር ያላቸውን ትስስር፣ ማመልከቻው የልጁን ኑሮ የሚያናጋበትን አደጋ ነው። ብዙ አያቶች ይህን እንደ ውርደት ያዩታል፤ የልጄን ልጅ ለማየት ልጠይቅ እንድችል ልጠይቅ? ይላሉ። ቁጣቸው ይገባኛል። ሆኖም እኔ ይህን ደጃፍ እደግፈዋለሁ። የኬኔዲን ማስጠንቀቂያ በተግባር ያዋለ ሥርዓት ይህ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እናትየዋ ሙሉ ክርክር ውስጥ ከመግባቷ በፊት አንድ ሰው ወረቀቱን አንብቦ ይህ ጉዳይ ወይስ ቅያሜ ብሎ ይለያል።

ምክንያቱም ክስ ውስጥ የገቡ አያቶች የሚገጥማቸው ላም እሳት ወለደች እንደሚባለው ነው፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ካልከሰሱ ልጁ ሳያውቃቸው ያድጋል። ከከሰሱ ደግሞ የልጁን በር የያዘችውን ሰው ጠላት ያደርጋሉ። ቢያሸንፉም በወር የተወሰኑ ሰዓታት ያገኛሉ፤ የቀረውን የወሩን ጊዜ ልጁ የሚያሳልፈው በፍርድ ቤት ካሸነፏት ሴት ጋር ነው። ያቺ ሴት ክፉ ቃል ባትናገር እንኳ ልጁ በጉብኝቱ ጠዋት ፊቷን ያነባል።

ወረቀቱ የማይደርስበት

የእኛዎቹ ተስማሙ። አንድ ጊዜ በመነጋገር ብቻ አይደለም፤ አስማሚዋ ደጋግማ አስቀመጠቻቸው፤ አንድ ጊዜ አያትየዋ ተነሥተው ወጥተዋል፤ ሌላ ጊዜ ምራቲቱ ቀርታለች። በመጨረሻ የተጻፈው እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጉብኝቱ በቀን ብቻ፣ ያለ አዳር ይሆናል። ቦታውን ልጁ ይመርጣል። በመሐል በተወሰነ ምሽት በስልክ ይነጋገራሉ። የአባቱ ልብሶች ይቀመጣሉ፤ ፎቶግራፎቹን ልጁ ራሱ ሲጠይቅ ያያል። ከወራት በኋላ ሁለቱም ተገናኝተው ልጁ እንዴት እንደሆነ ይነጋገራሉ፤ ስለ አዳር ያኔ ይወሰናል። ዳኛው አጸደቁት፤ እንደ ፍርድ የሚፈጸም ሆነ። በስሙ የመጥራቱ ነገር ግን አልተጻፈም። አያትየዋ ይጻፍብኝ ብለው ነበር፤ አስማሚዋ «ማስፈጸም የማንችለውን አንጽፍም» አለቻቸው።

ማስፈጸም የሚባለው ነገር የሕጉ ደካማ ጎን ነው። የተበዳሪን ቤት ሐራጅ ማስወጣት ይቻላል። ልጇን በቀጠሮው ቀን ያላመጣችን እናት ግን ምን ታደርጋታለህ? ብትቀጣት ገንዘቡ ከልጁ ወጪ ላይ ይወጣል። ብታስራት ልጁን አሳዳጊ ታሳጣዋለህ። ፖሊስ ብትልክ ልጁ አያቱን የሚያስታውሳት ከፖሊስ ጋር ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ዳኞች ያስጠነቅቃሉ፤ እንደገና ይቀጥራሉ፤ እንደገና ያስጠነቅቃሉ። አያትና ልጅ በተለያየ አገር ሲኖሩ ደግሞ የቱ ዳኛ ይወስናል የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። አንዲት በቡልጋሪያ የሚኖሩ አያት በግሪክ ከአባቱ ጋር የሚኖረውን የልጅ ልጃቸውን ለማየት ባነሡት ጉዳይ፣ የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ግንቦት 31 ቀን 2018 ልጅን የመጎብኘት መብት በኅብረቱ ደንብ ውስጥ ሲጠቀስ የአያቶችንም ይጨምራል ሲል ወስኗል። ውሳኔው ጥሩ ነው። የወሰነው ግን የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚሰማቸው ለመለየት ነው፤ ልጁን ያዩት ዘንድ ገና ሌላ መንገድ ይቀራቸዋል።

ከፍርዱ ይልቅ ጊዜው ነው የሚያስጨንቀኝ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2015 ማኑዌሎና ኔቪ በተባሉ ጣሊያናውያን አያቶች ጉዳይ ላይ ጣሊያንን ጥፋተኛ ብሏል፤ የቤተሰብ ሕይወት እንዲከበር የሚያዘውን የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 8 ጥሳለች ብሎ። በልጃቸው ላይ «በሴት ልጁ ላይ ጥቃት አድርሷል» የሚል ክስ ተመሥርቶ ነበር፤ በኋላ ነፃ ወጥቷል። አያቶቹ ግን የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ 12 ዓመት ገደማ አለፈ። 12 ዓመት ለሽማግሌ ሰው የቀረው ዕድሜ ሊሆን ይችላል፤ ለልጅ ደግሞ ልጅነቱ ሁሉ ነው። ፍርዱ ሲመጣ አያቶቹ መብት ነበራቸው፤ ልጅቱ ግን አድጋ ነበር። ለዚህ ነው፣ ሕግ አውጪ ሰው አንድ ነገር ብቻ ጨምር ቢለኝ፣ የጊዜ ገደብ ጨምር የምለው። ለምሳሌ ማመልከቻው በቀረበ በሳምንታት ውስጥ ዳኛው ጊዜያዊ ትእዛዝ ይስጥ፤ በሦስተኛ ሰው ፊትም ቢሆን፣ በስልክም ቢሆን፤ የሚያሠጋ ነገር ካለም ይከልክል፤ ብቻ ዝም አይበል። ቀጠሮ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው።

በቅርቡ የእማማ ወዳጅ የሆኑ ሌላ ሴት መጡ። «ለእርሷ እንደጻፍክላት ለእኔም ጻፍልኝ» አሉ። የእርሳቸው ልጅ በሕይወት አለ፤ ከእርሳቸው ጋር ከተጣላ በኋላ የወለደውን ልጅ ግን አሳይቷቸው አያውቅም። ነገሩን ስሰማ ያነበብኳቸው ሕጎች ሁሉ አንድ በአንድ ተዘጉብኝ። እንግሊዞች ከልጁ ጋር ያለዎት ትስስር ምንድን ነው ይላሉ፤ ትስስር የለም፤ እንዳይኖር ነው የተደረገው። ጀርመኖች ለልጁ ይጠቅማል ወይ ይላሉ፤ የማያውቃት ሴት ለልጁ ምን እንደምትጠቅም በማስረጃ ማሳየት አይቻልም። አሜሪካኖች ለሁለቱም ወላጆች ውሳኔ ክብደት ይሰጣሉ፤ እዚህ ሁለቱም ወላጆች በአንድ ድምፅ እምቢ ብለዋል። ከፈረንሳዮች ጋር ብቻ ትንሽ ተስፋ አለ፤ ልጁ መብት አለው ብሎ የሚጀምር ሕግ ያልተጀመረን ነገር ለማስጀመርም ቦታ ይተዋል።

እኔ ግን ለዚህኛው አቤቱታ እጄ አልታዘዘልኝም። አብረው የሚኖሩ፣ ልጃቸውን በደኅና የሚያሳድጉ አባትና እናት ተስማምተው የዘጉትን በር ዳኛ ይክፈተው ለማለት አልደፈርኩም። ቢያንስ ልጁ ራሱ መጠየቅ እስኪጀምር ድረስ። «እትዬ፣ አቤቱታ አልጽፍልዎትም። ለልጅዎ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አንጽፍም። ምን እንደሚያደርጉና ምን እንደማያደርጉ ብቻ እንጽፋለን፤ እነርሱ ባሉት ቦታ፣ እነርሱ ባሉት ሰዓት» አልኳቸው።

አላስደሰታቸውም። «ደብዳቤማ አያስፈርድም» አሉና ሌላ ጸሐፊ ፍለጋ ሄዱ።